የተቆላ ኑድል፦ የሰባት ሳምንት ማስታወሻ ከግንፍሌ

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ከሬስቶራንት በካርቶን የምናስመጣውን የቻይና ኑድል ቤት ልሠራ ተነሳሁ። አንዱ ካርቶን 650 ብር ገብቷል። ለእኔና ለእህቴ ሁለት ስናዝ ከነዴሊቨሪው 1,500 ብር አለፈ። የብሩ ነገር አለ፣ ግን ከሁሉ በላይ የሚያጓጓኝ አሠራሩ ነው። ያ ኑድል ደረቅ ነው፣ ክሩ አንድ በአንድ ይነሳል፣ ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ግን አላረረም። እንዴት እንዲህ እንደሚሆን ማወቅ እፈልጋለሁ።

የዛሬው ሙከራ፦ 500 ግራም ስፓጌቲ፣ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት ካሮት፣ አንድ ባሮ፣ 300 ግራም የዶሮ ፈረሰኛ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሶያ ሶስ። ዕቃው ቴፍሎን መጥበሻ፣ እሳቱ 2,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ። ዶሮውን ጠበስኩ፣ አትክልቱን ጨመርኩ፣ ከዛ ስፓጌቲውን በሙሉ ገለበጥኩበትና ሶያ ሶሱን አፈሰስኩ።

በሁለት ደቂቃ ውስጥ መጥበሻው ውሃ ሞላ። ጎመኑ ተቀቀለ። ስፓጌቲው ተጣብቆ እንደ አንድ ነገር ይነሳል። ሶሱ ታች ቀረ። እህቴ ቀመሰችና "ይሄ ፓስታ በሶያ ሶስ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ወጪ፦ ሶያ ሶስ 420፣ ዶሮ 270፣ ስፓጌቲ 95፣ አትክልት 110 ብር። ሶያ ሶሱ ገና ብዙ ጊዜ ያስኬዳል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሶሱን ነበር። የሆነ ሚስጥር ያለው ሶስ ይኖራቸዋል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሶስ ሳነብ ከረምኩ። ዛሬ ግን ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛዬ የሙቀት መለኪያ አዋሰኝ፣ ያ በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደቅኑት የነበረው ዓይነት፣ ግን እስከ 550 ዲግሪ የሚለካ። ባዶ መጥበሻው 235 ዲግሪ ደረሰ። ስፓጌቲውን ሳስገባ ወደ 105 ወረደና እዛው ተኛ። ስምንት ደቂቃ ጠበቅኩት፣ አልተነሳም።

ነገሩ ቀላል ነው። ምግቡ ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ በሙሉ ውሃውን ለማትነን ይሄዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምግብ ቡናማ ቀለምና የጥብስ ሽታ እንዲያወጣ ደግሞ ላዩ ከ140 በላይ መድረስ አለበት። ስለዚህ እኔ ጥብስ የመሰለኝ ነገር ቅቅል ነበር። የቻይና ምግብ ቤቶች የዎክ (የጎድጓዳው ብረት መጥበሻቸው) ምድጃ 30 ኪሎዋት ሙቀት ቢያወጣ አይገርምም። የእኔ ሁለት ነው። ይሄን ሳውቅ የሶሱን ነገር ለጊዜው ተውኩት።

በነገራችን ላይ ቴፍሎን ከ260 ዲግሪ በላይ መጋል የለበትም፣ ሽፋኑ መበላሸትና ጭስ ማውጣት ይጀምራል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለጊዜው ግን ያለኝ እሱ ነው።

ያደረግኩት ለውጥ አንድ ነው፦ ትንሽ ትንሽ። 150 ግራም የተቀቀለ ስፓጌቲ ብቻ፣ አትክልቱ ለብቻ፣ ዶሮው ለብቻ፣ መጨረሻ ላይ ማገናኘት። ሙቀቱ ወደ 150 ወርዶ ቶሎ ተመለሰ። ውሃ አልሞላም። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ቤታችሁ የምትሞክሩ ካላችሁ ሌላ ምንም ሳትገዙ ይሄን ብቻ አድርጉ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

የስፓጌቲው አበላል ልክ አይደለም። ይሰበራል እንጂ አይለጠጥም። የቻይናው ኑድል ላስቲክ ላስቲክ የሚል ጥንካሬ አለው፣ ቀለሙም ቢጫ ነው። ቢጫው እንቁላል ይመስለኝ ነበር። ብዙ ጊዜ እንቁላል የለበትም፣ አልካላይ ነው። ሶዲየም ካርቦኔትና ፖታሲየም ካርቦኔት ሊጡ ውስጥ ይገባል፤ ግሉተኑን (ሊጡን የሚያያይዘውን የስንዴ ፕሮቲን) ያጠነክራል፣ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ተፈጥሯዊ ማቅለሚያ ደግሞ ቢጫ ያደርገዋል።

አቋራጭ አለው ተብሎ የፓስታው መቀቀያ ውሃ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ጨመርኩ፣ ለአንድ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ። ሱቁ መጀመሪያ የሰጠኝ ቤኪንግ ፓውደር ነበር፤ መለወጥ ነበረብኝ። ፓውደሩ አሲድና ስታርች አብሮት ስላለ ለዚህ አይሠራም። ውሃው አረፋ ሠርቶ ገነፈለና ምድጃው ላይ ፈሰሰ፣ ስለዚህ ትልቅ ድስት ይሻላል። ስፓጌቲው ግን ተለወጠ። ቢጫ ሆነ፣ ሽታውም የእውነት የኑድል ሽታ ነው። ላዩ ትንሽ ሙልጭልጭ አለ። በቀዝቃዛ ውሃ ሳጥበው ተስተካከለ።

ለማንም የማይከብድ ዘዴ ነው። እኔ ግን ሊጡን ራሴ ማቡካት ፈልጌያለሁ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሊጥ። ፉርኖ ዱቄት 400 ግራም፣ ውሃ 160 ሚሊ፣ ጨው 4 ግራም፣ እና የተጋገረ ሶዳ።

የተጋገረ ሶዳ ማለት ቤኪንግ ሶዳውን ትሪ ላይ በስሱ አፍስሶ ኦቭን ውስጥ በ140 ዲግሪ አንድ ሰዓት ማቆየት ነው። ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ሶዲየም ካርቦኔት ይሆናል። መሆኑን የማረጋግጠው በሚዛን ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከተለወጠ ከክብደቱ 37 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 50 ግራም አስገብቼ 32 ግራም አወጣሁ። ደርሷል ማለት ነው። ይሄ ዱቄት ከቤኪንግ ሶዳ ይበረታል፣ በእጅ አይነካም፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባም መጠንቀቅ ነው። ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ "አይበላም፣ ለኑድል ብቻ" ብዬ ጻፍኩበት። ስኳር መስሏት እህቴ ሻይ ውስጥ እንዳትጨምረው።

ስህተቱ መጠኑ ላይ ነው። 12 ግራም ከተትኩ፣ ከዱቄቱ 3 በመቶ መሆኑ ነው። ኑድሉ በጣም አማረ፣ ወርቅ መሰለ፣ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል። አንድ ጉርሻ ብቻ በልተን ሁሉንም ደፋነው። 400 ግራም ዱቄትና የሦስት ሰዓት ጉልበት ሄደ። በጣም ከፋኝ።

ማታ በ6 ግራም ደገምኩት፣ 1.5 በመቶ። ይሄኛው ልክ ነው።

ሊጡ ደረቅ ስለሆነ መጀመሪያ ፍርፍር ብቻ ነው የሚሆነው፣ አንድ አይሆንም። ውሃ ልጨምር ብሎ እጅ ይሄዳል፣ አትጨምሩ። ፍርፍሩን ጨፍልቆ በላስቲክ ጠቅልሎ አንድ ሰዓት መተው ነው። ስትመለሱ ውሃው ራሱ ገብቶ ሊጥ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ከዛ በመዳመጫ ማሳሳት፣ ስታርች መነስነስ፣ ማጠፍ፣ በስለት ቢላ መቁረጥ። የእኔ ክሮች አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ወጡ፣ ለሱ መፍትሔ ገና አላገኘሁም። መቀቀያው ሦስት ደቂቃ ነው። ባሕር ጠለል አጠገብ ያሉ ሰዎች ሁለት ደቂቃ ይላሉ፣ እኛ ጋ አይበቃም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ይሄን መጻፍ አለብኝ ምክንያቱም እስካሁን ካገኘሁት ሁሉ ትልቁ ነው፣ ብርም አልወጣበትም።

ኑድሉን ቀቅዬ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ ወንፊት ላይ ትቼው ነበር። ከአስር ደቂቃ በኋላ ላዩ ደህና ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ውሃ አቁሯል። እማዬ እዚህ ናት ዛሬ፣ አይታኝ ምንም ሳትል ሰፌድ አምጥታ ዘረጋችው። ክሩ እንዳይደራረብ በጣቷ በተነችው፣ በነጠላ ጨርቅ ሸፈነችው። "ብቅል የምናሰጣው እንዲህ አይደለም?" አለችኝ።

አንድ ሰዓት ተኩል በረንዳ ላይ ቆየ። ጥቅምት ነው፣ ነፋሱ ደረቅ ነው። ሰፌዱ ከሥር ያስተነፍሳል፣ ትሪ ቢሆን ላብ ይቋጥር ነበር። ከዛ በትንሽ ዘይት አሸሁትና መጥበሻ ውስጥ ከተትኩት። ጫጫ አለ! በዚሁ በደካማው ምድጃ፣ በዚሁ ቴፍሎን፣ ኑድሉ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቡናማ ሆነ። ውሃው ከመግባቱ በፊት ስለወጣ እሳቱ የሚያተነው ነገር አላገኘም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የእሳት ችግር ነው ያልኩት ነገር ግማሹ የውሃ ችግር ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ ያለ ሰፌድ አልሠራም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ። ዎክ ላሠራ።

ከውጭ የመጣ ዎክ አንድ ሱቅ ውስጥ አግኝቼ 4,800 ብር ሲሉኝ ተመለስኩ። ምን አለሽ ተራ ብረት ቀጥቅጠው የማይሠሩት ነገር የለም። አንድ ቀጥቃጭ ጋ ቁጭ ብዬ በስልኬ ፎቶ አሳየሁት። "ይሄማ ጎድጓዳ የቡና ምጣድ ነው" አለኝ። ልክ ነው፣ የሚለየው ጥልቀቱ ነው።

ከአሮጌ በርሜል ልሥራልህ አለ። አይሆንም አልኩት፣ በርሜሉ ምን ኬሚካል ሲያመላልስ እንደኖረ አይታወቅም። ቆርቆሮም አይሆንም፤ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ሲግል መርዛማ ጭስ ያወጣል። ጥቁር ላሜራ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ያልተቀባ፣ አዲስ። ላሜራውን ራሴ ከጎን ካለው መደብር ገዛሁለት፣ 600 ብር። ለእጁ 1,300 ጠየቀኝ፣ በ900 ተስማማን። ስፋቱ 36 ሳንቲም፣ ክብደቱ ከነእጀታው ሁለት ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው። መዶሻው የተወው ጠባሳ ሁሉ ላዩ ላይ ይታያል። በጣም ወድጄዋለሁ።

አንድ ስህተት። ሥሩን ክብ አድርግልኝ አልኩት። ቤት ስመጣ ጠፍጣፋው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የሚነካው አንድ የሻይ ስኒ ሥር የሚያህል ቦታ ብቻ ነው። ይወዛወዛልም። የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ ያላችሁ ሥሩን ጠፍጣፋ አሠሩ። የእኔን መልሼ ልወስደው አስቤ ነበር፣ ኋላ ግን ሌላ ሐሳብ መጣልኝ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ማሟሸት።

አዲስ ብረት ከነቅባቱና ከነዝገቱ ስለሚመጣ መጀመሪያ በሳሙናና በሽቦ ፈገፈግኩት። ከዛ አጋልኩት፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ እስኪዞር። መለኪያውን ደቀንኩበት፣ 88 ዲግሪ አለኝ። ዘይት ጠብ ሳደርግበት ወዲያው ጨሰ። 88 ዲግሪ ላይ ዘይት አይጨስም! መለኪያው ተበላሸ ብዬ ለጓደኛዬ ደወልኩ። አልተበላሸም። የሚያብለጨልጭ ብረት የራሱን ጨረር በደንብ አይለቅም፣ የጎኑን ያንጸባርቃል፣ ስለዚህ መለኪያው ይሳሳታል። ከጠቆረ በኋላ ልኩን ያሳያል።

እማዬ ስልክ ላይ ሆና "አንተ ልጅ፣ ምጣድ በጎመን ዘር ነው የሚሟሸው" አለችኝ። የተወቀጠ ጎመን ዘር በተንኩበት፣ በጨርቅ አሸሁት። የሸክላ ምጣድ ገለባውን ይቀበለዋል። ብረቱ ላይ ግን ገለባው አርሮ ተጣበቀ፣ ደግሜ መፈግፈግ ነበረብኝ። ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ከዘሩ የሚወጣው ዘይት ሲግል እርስ በርሱ ተያይዞ ደረቅ ሽፋን ይሆናል፤ የምጣዳችን ጥቁረትና የዎክ ጥቁረት አንድ ዓይነት ነገር ናቸው። ስለዚህ ገለባውን ትቼ ዘይቱን ብቻ ያዝኩ። ፈሳሽ ዘይት በጣም በስሱ፣ ከቀባሁ በኋላ እንደተሳሳትኩ ሁሉ በደረቅ ጨርቅ መልሼ ጠርጌ፣ ጭሱ እስኪያቆም አጋልኩ። ስድስት ጊዜ። ሁለተኛው ዙር ላይ ዘይት አብዝቼ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነጠብጣብ ሠራ፣ እሱን ማስለቀቅ ብቻ ግማሽ ሰዓት ወሰደ።

መስኮቶቹን በሙሉ ክፈቱ። የእኔ ቤት እስከ ማታ ጨሰ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ዝገት። ከሰኞ ጀምሮ እርጥቡን አስቀምጬው ነበር። ሙሉው ሥሩ ቀይ ሆነ። ፈገፈግኩት፣ ሦስት ዙር ደግሜ አሟሸሁት። ከእንግዲህ፦ በሙቅ ውሃ ብቻ ማጠብ፣ እሳት ላይ ማድረቅ፣ ዘይት ማስነካት።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ከሰል!

ክብ ሥር ያለው ዕቃ የሚቀመጥበት ምድጃ ሳስብ ላቀች ትዝ አለችኝ። ላቀች የከሰል ምድጃ ላይኛው አፏ ሰፊ ስለሆነ ዎኩ ውስጧ ቁጭ ይላል፣ አይወዛወዝም። ኮንዶሚኒየማችን ከኮሙናሉ ጀርባ ክፍት ቦታ አለው፣ እዛ ወሰድኳት። ቤት ውስጥ በፍጹም አይሞከርም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ነው፣ ሰው ይገድላል።

ከሰሉ ለብቻው 260 ዲግሪ ሰጠኝ። በማራገቢያ ሳራግበው 300። እጄ ሲደክም ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ 12 ቮልት ፋን ከላቀችዋ የአየር በር ፊት አቆምኩና መብራት ሲጠፋ ዋይፋይ የምናበራበት ሚኒ ዩፒኤስ ላይ ሰካሁት። 370 ደረሰ። ኑድሉ ሲገባ 220 ላይ ነው የቆመው። የኤሌክትሪኩ 105 ነበር፣ አስታውሱ።

ከታች ያሉት እማማ ቡና ሊቆሉ ወጥተው ያዩኝ ነበር። መገልበጥ አልቻልኩም፣ ግማሹ መሬት ይወድቃል። "ወደ ላይ አትወርውረው ልጄ፣ ወደ ፊት ግፋው፣ ከዛ ሳብ" አሉኝ። ዎኩን ተቀብለው በባዶ ሽምብራ አሳዩኝ። ጫፉ ጋ ሲደርስ ሽምብራው ራሱ ተገልብጦ ይመለሳል። ዕድሜ ልካቸውን ቡናና ቆሎ የቆሉበት እጅ ነው። ሃያ ደቂቃ በሽምብራ ተለማመድኩ፣ ከዛ በኑድል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቻይናዎቹ ይሄን አሠራር "ቻኦ" ይሉታል፣ "ቻኦ ምየን" ማለት እንዲህ የተሠራ የስንዴ ኑድል ነው። ይሄው ቃል ለውዝና ቼስትነት ሲያምሱም ያገለግላል። ስለዚህ በአማርኛ "የተጠበሰ" ከማለት "የተቆላ" ቢባል ይቀርባል። ቡና ስንቆላ የምናደርገውን ነው የሚያደርጉት። የጋለ ብረት፣ የማያቋርጥ እንቅስቃሴ፣ ሳይዘገዩ ማውጣት። ይሄን ካሰብኩ በኋላ እጄ ራሱ ተስተካከለ።

ካንቶኖች (የደቡብ ቻይና ሰዎች) ደግሞ "ዎክ ሄይ" የሚሉት አለ፣ የዎክ እስትንፋስ እንደማለት ነው። ስገለብጠው ከጠርዙ የተረጨ ዘይት ፍሙ ላይ ወደቀና ቦግ አለ፣ ኑድሉ በነበልባሉ ውስጥ አለፈ። ሽታው መጣ። ያ የካርቶኑ ሽታ! እህቴን ከሦስተኛ ፎቅ ጮኬ ጠራኋት።

ወጪ፦ ከሰል 60 ብር፣ ሦስት ዙር ሠርቶ ተረፈ። ላቀች 350።

ህዳር 2፣ ማክሰኞ

አሁን ሶሱ። እሳቱ ከተስተካከለ ሶስ ቀላል ነው። ለአንድ ዙር፣ ማለትም ለ200 ግራም የተቀቀለ ኑድል፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኦይስተር ሶስ (ኦይስተር ከሚባል የባሕር ዛጎል እንስሳ የሚሠራ)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ነጭ ቁንዶ በርበሬ። ጥቁሩን ወፍራም ሶያ ሶስ አላገኘሁም። ስኳር አሳርሬ ጥቁር እስኪሆን፣ ትንሽ ውሃ አድርጌ ከተራው ሶያ ሶስ ጋር ቀላቀልኩት፣ ቀለሙን ሰጠኝ። ሶሱ ኑድሉ ላይ አይፈስም፣ በጋለው የዎኩ ጎን ነው የሚወርደው። እዛው ይፈላል፣ ይጠበሳል፣ ሽታው ይለወጣል።

የሰሊጥ ዘይት 900 ብር አሉኝ፣ ለትንሽ ጠርሙስ። ከሁመራ የሚመጣ ሰሊጥ ያላት አገር ናት፣ ቻይናም ከትላልቅ ገዢዎቻችን አንዷ ናት። ራሴ ልሥራ አልኩ። እዚህ የሚጨመቀው የሰሊጥ ዘይት ሳይቆላ ስለሆነ ሽታው ቀላል ነው፤ የነሱ ከተቆላ በኋላ የተጨመቀ ነው። 100 ግራም ሰሊጥ ቆልቼ በሙቀጫ ወቀጥኩ፣ 150 ሚሊ የሞቀ ዘይት አፈሰስኩበት፣ አሳድሬ አጠለልኩ። የመጀመሪያውን አሳረርኩት፣ መረረ። ሁለተኛውን ወርቅማ ላይ አወጣሁት። እውነተኛውን ባያህልም ሽታው አለ። ከእሳት ካወረዱ በኋላ ነው የሚጨመረው፣ እሳት ላይ ሽታው ይጠፋል።

ዶሮውም ተሻሽሏል። በስሱ ተቆርጦ በሶያ ሶስ፣ በአንድ ማንኪያ ስታርችና በትንሽ ዘይት ሃያ ደቂቃ ታሽቶ ይቆያል። ስታርቹ ውሃውን ይይዝለታል፣ አይደርቅም።

ህዳር 7፣ እሑድ

ያ ነጭ ቡቃያ፣ ኑድሉ ውስጥ የሚንኮሻኮሸው፣ ማሾ ነው። ሱቅ ፈልጌ አጣሁት፣ ስለዚህ አበቀልኩ።

የመጀመሪያው ተበላሸ። ድስት ውስጥ ነበር፣ ውሃው መውጫ አጣና በሦስተኛው ቀን ሸተተ። ሁለተኛው መስኮት አጠገብ ስለነበር አረንጓዴ ሆነና መረረ። ሦስተኛው፦ 100 ግራም ማሾ ሌሊቱን ተነክሮ፣ ሥሩ በሚስማር የተበሳ የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ፣ እርጥብ ጨርቅ በላዩ፣ በጨርቁ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር እንዳለ። ክብደቱ ቡቃያውን ያወፍረዋል። በቀን ሦስቴ ውሃ ማጠጣት፣ ጨለማ ውስጥ ማቆየት። ሌሊቱ ስለሚበርድ ስድስት ቀን ፈጀ። 480 ግራም ወጣው። የማሾ ዋጋ 25 ብር።

ዎክ ውስጥ የሚቆየው ሠላሳ ሴኮንድ ነው። ካለፈ ውሃ ይለቃል፣ እንደገና ወደ ጥቅምት 2 እንመለሳለን።

ህዳር 14፣ እሑድ፣ ቅበላ

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። እማዬ፣ እህቴ፣ ከታች ያሉት እማማ፣ ጋራዥ የሚሠራው ጓደኛዬ። አምስት ሰው፣ ስድስት ዙር።

ቅደም ተከተሉን ቀድሜ ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፣ ምክንያቱም አንድ ዙር ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው፣ መሃል ላይ የሚፈለግ ነገር ካለ ያርራል። ሁሉም በሰሃን ተመዝኖ ተሰልፏል። ዎኩ ጨሰ፣ ዘይት፣ ዶሮ፣ ወጣ። እንደገና ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አምስት ሴኮንድ፣ ጎመንና ካሮት፣ ወጣ። ዘይት፣ ኑድል፣ ሳይነካ አርባ ሴኮንድ፣ ግልበጣ፣ ሶስ በጎን፣ ሁሉም ተመለሰ፣ ማሾ፣ ባሮ፣ ወረደ፣ ሰሊጥ።

አራተኛው ዙር ላይ ከሰሉ ደከመ፣ 240 ወረደ፣ ያ ሰሃን ከሌሎቹ ይለያል፣ እርጥብ ነው። ከሦስት ዙር በኋላ አዲስ ፍም መጨመር እንዳለበት ተማርኩ። ፍሙ ከጎን በሌላ ምድጃ እየተያያዘ መቆየት አለበት፣ ጥሬ ከሰል ከጨመሩበት ይጨሳል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። ጓደኛዬ ቡና የምናፈላበትን ትንሿን ምድጃ አያይዞ አምስተኛውንና ስድስተኛውን አዳነልኝ።

እማዬ ሹካ አልፈልግም ብላ በእጇ በላች። ሰሃኗን ጨርሳ የእህቴን አየች። እማማ ቃሪያ አስጨመሩ፣ እውነትም ቃሪያ ይስማማዋል፣ ከዛሬ ጀምሮ ገብቷል።

ህዳር 18፣ ሐሙስ

የጾሙ ስሪት። ኑድሉ እንቁላል ስለሌለው እንዳለ ይሄዳል። ዶሮው ይወጣል፣ ኦይስተር ሶሱም ይወጣል። በሱ ፈንታ 200 ግራም እንጉዳይ በግማሽ ሊትር ውሃ፣ ሁለት ማንኪያ ሶያ ሶስና አንድ ማንኪያ ስኳር አፍልቼ የቡና ስኒ እስኪሞላ ድረስ አተነንኩት። ወፈረ፣ ጠቆረ፣ ጣዕሙ ጠለቀ። እንጉዳዩ ራሱ ተጨምቆ ለብቻው ተቆላ። እንጉዳይ ብዙ ውሃ ስለሚለቅ ከሁሉ ቀድሞ ደረቅ ዎክ ላይ ያለ ዘይት ነው የሚገባው፣ ውሃው ከጨረሰ በኋላ ዘይት።

በሐቀኝነት፣ ከዶሮው ይልቅ ይሄኛውን ወድጄዋለሁ።

የአንድ ሰሃን ወጪ ከነከሰሉ 130 ብር አካባቢ መጥቷል፣ የዶሮው 210። ዎኩ አሁን ከሰል መስሏል፣ እንቁላል እንኳ ከጾሙ በፊት ሞክሬ ነበር፣ አልያዘም። የቀረኝ የክሩ ውፍረት ነው፤ የፓስታ ማሽን ሁለተኛ እጅ እያፈላለግኩ ነው፣ ከ3,000 ብር በታች እስካሁን አላገኘሁም።

እህቴ ያጠራቀመቻቸውን የሬስቶራንት ካርቶኖች አጥባ አውጥታለች። ነገ ለሥራ ባልደረቦቿ አራት ሰሃን ጠይቃኛለች። 800 ግራም ዱቄት፣ 12 ግራም ሶዳ። ሊጡ ላስቲኩ ውስጥ ነው፣ ሰፌዱንም ከእማዬ ቤት ሁለተኛ ተውሼያለሁ።